ጥንድ ኮከቦችን ከጂንካ መመልከት፦ የራሳችንን የምልከታ ዝርዝር ስለማዘጋጀት

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ሙሉ ጽሑፍ)



ገለጻዬን ከዚህ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ልጀምር። ከእኛ በስተምዕራብና በስተደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል የሚኖሩት ሙርሲዎች የኦሞን ወንዝ ዋር ይሉታል። በደቡብ ሰማይ ላይ ያለች አንዲት ደማቅ ኮከብም በዚሁ ስም ትጠራለች። ይህችን ኮከብ የዓለም የኮከብ ካርታዎች አልፋ ክሩሲስ ወይም አክሩክስ ይሏታል፤ የደቡብ መስቀል የሚባለው የኮከቦች ስብስብ የግርጌ ኮከብ ናት። በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ዋር በምሽቱ ወገግታ ውስጥ ወርዳ ከዓይን ስትሰወር፣ የወንዙ ሙላት የደረሰበትን ደረጃ ሙርሲዎች ከእርሷና ከጎረቤቶቿ ያነቡ ነበር። ከጎረቤቶቿ አንዷ ኢማይ ትባላለች፤ ኢማይ በወንዙ ዳር የሚበቅል ሣር ስምም ነው። ኮከቧ ስትጠልቅ ወንዙ ሣሩን እስኪያስተኛ ድረስ ሞልቶ ከዚያ ይጎድላል ይባል ነበር። ይህን ዕውቀት አንትሮፖሎጂስቱ ዴቪድ ተርተንና የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ከረንት አንትሮፖሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ አሳትመውታል።

እኔ ይህን ጽሑፍ ያነበብኩት አክሩክስን በትንሽ ቴሌስኮፕ ካየሁ በኋላ ነው። በቴሌስኮፑ ውስጥ ዋር አንድ ኮከብ አይደለችም። ሁለት ነጭ ሰማያዊ ኮከቦች ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ትንሽ ራቅ ብሎም ሦስተኛ ደብዛዛ ኮከብ አለ። ይህን ጥንድነት በመጀመሪያ ያስተዋለው፣ እ.ኤ.አ. በ1685 በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል ሲያልፍ የነበረው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዣን ደ ፎንታኔ እንደሆነ የሥነ ፈለክ ታሪክ ይነግረናል። በደቡብ ሰማይ ጥንድነታቸው ከታወቀ ኮከቦች የመጀመሪያዋ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላው ኢየሱሳዊ ዣን ሪሾ ከሕንድ፣ ከፖንዲቼሪ ሆኖ አልፋ ሴንታውሪ ጥንድ መሆኗን አየ።

እነዚህ ሁለት ዝነኛ ጥንዶች ከዚህ ግቢ ይታያሉ። ከለንደን ወይም ከፓሪስ ግን አይታዩም፤ ከአድማስ በላይ ፈጽሞ አይወጡም። የዛሬው ገለጻዬ ዋና ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ከሌላ አገር ሰማይ የተቀዳ ዝርዝር ለእኛ አይሆነንም፤ ጥንድ ኮከቦችን መመልከት የምንሻ ከሆነ የራሳችንን ዝርዝር በራሳችን አድማስ፣ በራሳችን ዝናብና በራሳችን ሰዓት ማዘጋጀት ይኖርብናል።

ጥንድ ኮከብ ምንድን ነው?

ለዓይን አንድ መስለው በቴሌስኮፕ ሲታዩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ ኮከቦችን ጥንድ እንላቸዋለን። በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በእርግጥ በስበት የተሳሰሩ፣ አንዱ ሌላውን የሚዞሩ ናቸው፤ እነዚህን ተጣማሪ ኮከቦች ልበላቸው። ሌሎቹ ግን አንዱ ቅርብ፣ ሌላው እጅግ ሩቅ ሆነው ሳለ ከእኛ አንጻር በአንድ መስመር ላይ በመዋላቸው ብቻ የተጠጋጉ የሚመስሉ ናቸው።

ጥንዶች በቴሌስኮፕ መታየት የጀመሩት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ የጋሊሊዮ ተማሪ የነበረው ቤኔዴቶ ካስቴሊ እ.ኤ.አ. በ1617 በታላቁ ድብ ውስጥ ያለችው ሚዛር ሁለት መሆኗን አስተውሏል። እ.ኤ.አ. በ1767 እንግሊዛዊው ጆን ሚሼል፣ ይህን ያህል ብዙ ኮከቦች በአጋጣሚ ብቻ ተጠጋግተው ሊታዩ እንደማይችሉ በዕድል ስሌት አሳየ። ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1782 269 ጥንዶችን የያዘ የመጀመሪያ ዝርዝሩን አቀረበ። በ1803 ደግሞ ካስተርን የመሰሉ ጥንዶች አንዱ በሌላው ዙሪያ እንደሚንቀሳቀሱ ከዓመታት ልኬቱ አስረዳ። የኒውተን የስበት ሕግ ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭም እንደሚሠራ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም የአንድን ኮከብ ክብደት በቀጥታ ለማወቅ ከሁሉ የታመነው ዘዴ የተጣማሪዎችን ምሕዋር መለካት ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ አማተሮች ሁልጊዜም ቦታ ነበራቸው። አሜሪካዊው ሸርበርን ዌስሊ በርንሃም የዕለት እንጀራው የፍርድ ቤት ቃል ጸሐፊነት ነበር። ሥራውን የጀመረው በቺካጎ፣ በቤቱ ጓሮ፣ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ነው። በሕይወት ዘመኑ ከ1,000 የሚበልጡ አዳዲስ ጥንዶችን አግኝቷል።

የጂንካ ሰማይ

ጂንካ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ከ47 ደቂቃ፣ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ናት። እነዚህ ቁጥሮች ለዕቅዳችን ምን ይነግሩናል?

ካርታ ላይ የከተማ ኬክሮስ እንደሚጻፍ ሁሉ እያንዳንዱ ኮከብም በሰማይ ላይ የራሱ ኬክሮስ አለው፤ ዴክሊኔሽን ይባላል። አንድ ኮከብ በሰሜንና በደቡብ መስመር ላይ ሲደርስ፣ ማለትም የዕለቱን ከፍተኛ ቦታውን ሲይዝ፣ ከአድማስ የሚኖረውን ከፍታ ማስላት ቀላል ነው። በኮከቡ ዴክሊኔሽንና በ5.8 መካከል ያለውን ልዩነት ከ90 ቀንሱ። አክሩክስ በደቡብ 63.1 ስለሆነች ከጂንካ የምትደርሰው 21 ዲግሪ ድረስ ነው። አልፋ ሴንታውሪ 23 ዲግሪ ትደርሳለች። ሚዛር በሰሜን በኩል 41 ዲግሪ ትወጣለች። በአንበሳ ውስጥ ያለችው አልጌባ 76 ዲግሪ፣ በድንግል ውስጥ ያለችው ፖሪማ ደግሞ 83 ዲግሪ፣ ከራሳችን በላይ ልትሆን ጥቂት ሲቀራት፣ ይደርሳሉ።

ከፍታ ለምን ያስጨንቀናል? የኮከብ ብርሃን ወደ አድማስ በቀረበ ቁጥር የሚያቋርጠው አየር ይበዛል። በ21 ዲግሪ ላይ የሚያቋርጠው አየር በአናታችን ላይ ካለው 2.8 እጥፍ ገደማ ነው። አየር ደግሞ ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል፤ የተጠጋጉ ሁለት ኮከቦችም ተቀላቅለው አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ከ20 ዲግሪ በታች ያለን ጥንድ መለካትን ብዙም አይመክሩም። ይህን ወሰን ብንቀበል ከጂንካ ከ64 ዲግሪ ደቡብ እስከ 76 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ይህም ከመላው ሰማይ 93 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በለንደን ያለ ተመልካች በዚሁ ወሰን ቢሄድ በደቡብ በኩል 18.5 ዲግሪ ላይ ይቆማል። በጊንጥ ውስጥ ያለችው ቀይዋ አንታሬስ ለእርሱ ከአድማስ 12 ዲግሪ ብቻ ስትወጣ ለእኛ 58 ዲግሪ ትወጣለች። እርሱ በችግር የሚያየውን የአንታሬስን ደብዛዛ ጓደኛ እኛ በተሻለ ዕድል ልንፈልገው እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምልከታ ዕቅድ ሳወጣ ለሰሜኑ ዓለም ከተጻፈ መምሪያ ዝርዝሩን እንዳለ ገለበጥኩት። የዝርዝሩ የመጀመሪያ ኮከብ ፖላሪስ፣ የሰሜን ኮከብ ነበረች፤ እርሷም ጥንድ ናት። በዚያ ላይ መምሪያው ቴሌስኮፑን ወደ እርሷ አቅጣጫ አስተካክል ይላል። ከጂንካ ፖላሪስ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት፤ በስተሰሜን ያሉት ኮረብቶችና ዛፎች ይጋርዷታል። ግማሽ ሌሊት ኮረብታ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ጥፋቱ የመምሪያው አልነበረም፤ መምሪያው ለእኔ አልተጻፈም። በማግስቱ ግን ኮምፓስና አንግል መለኪያ ይዤ የምቆምበትን ቦታ አድማስ በየአቅጣጫው ለካሁ፤ በስተደቡብ ምን ያህል ክፍት እንደሆነ፣ በስተሰሜን ምን እንደሚጋርድ በወረቀት ላይ ነደፍኩ። ከዕቅድ ሁሉ በፊት ይህን እንድታደርጉ እመክራለሁ።

መቼ? ዝናቡና ሰዓቱ

ኮከቦች በየዕለቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድመው ይወጣሉ፤ በወር ሁለት ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥንድ የራሱ ወራት አለው። የደቡብ መስቀል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው በግንቦትና በሰኔ ነው። ለምሳሌ ግንቦት 24 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አክሩክስ የደቡቡን መስመር ገና አልፋ፣ ሚዛር ደግሞ የሰሜኑን መስመር ልትነካ ተቃርባ ትገኛለች። ጀርባችሁን ለአንዱ ሰጥታችሁ ሌላውን ማየት ትችላላችሁ። ካስቴሊ ያያትን ጥንድና ፎንታኔ ያያትን ጥንድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቦታ ማየት ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ዝናብም በመኸር ወራት ይመጣል። ሰማያችን በደንብ የሚጠራው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ በእነዚህ ወራት ደግሞ የደቡብ መስቀል በምሽት አይታይም። መፍትሔው ምልከታውን ወደ ንጋት ማዞር ነው። በጥር አጋማሽ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ገና ጨለማ ሳለ፣ የደቡብ መስቀል ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኙታላችሁ። በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ደግሞ ይህ የሚሆነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የዝናቡ ወቅትና የኮከቡ ወቅት ሲጋጩ የኮከቡን ሌላ ሰዓት እንፈልጋለን፤ ዕቅድ ማውጣት ማለት በአብዛኛው ይኸው ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ጂንካ ግን ከዚያ በስተምዕራብ ከ8 ዲግሪ በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ኮከቦች የእኛን የደቡብ መስመር የሚነኩት ከሰዓቱ ስሌት 34 ደቂቃ ያህል ዘግይተው ነው። ስቴላሪየም የተባለውን ነፃ የሰማይ ካርታ በስልካችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ቦታውን አዲስ አበባ ብላችሁ አትተዉት። አዲስ አበባ ብትሉት አክሩክስ የምትደርሰው 18 ዲግሪ ብቻ ነው ይላችኋል፤ ከዕቅዳችሁም ታወጧታላችሁ። ጂንካ በሉት፤ ሦስቱን ዲግሪ ይመልስላችኋል።

ጨረቃስ? ደብዛዛ ጋላክሲዎችን ለሚፈልግ ሰው ጨረቃ ጠላት ናት። ለጥንድ ኮከቦች ግን ብዙም አትከፋም። ደማቅ ጥንዶች በሙሉ ጨረቃም፣ በግቢ መብራት አጠገብም ይለያሉ። ስለዚህ የተማሪ ክበብ ለመጀመር ከጥንድ ኮከቦች የተሻለ ርእስ አላውቅም፤ ከከተማ መውጣትም፣ መኪና መፈለግም አያስፈልግም።

በምን? የቴሌስኮፑ አቅም

በሁለት ኮከቦች መካከል ያለው ርቀት የሚለካው በቅስት ሰከንድ ነው፤ አንድ ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ የሚለየውን ትንሹን ርቀት ለመገመት 116ን ለመስተዋቱ ወይም ለሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር አካፍሉ። ይህ የእንግሊዛዊው ዳውዝ ሕግ ይባላል። 70 ሚሊሜትር ላለው 1.7፣ 114 ሚሊሜትር ላለው 1.0፣ 150 ሚሊሜትር ላለው 0.8 የቅስት ሰከንድ ይሆናል። ሕጉ የሚሠራው ሁለቱ ኮከቦች በድምቀት ሲቀራረቡ ነው። አንዱ እጅግ ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ ከሆነ ደማቁ ይሸፍነዋል። ለምሳሌ ሲሪየስ ጓደኛ አላት፤ ነገር ግን በድምቀት መጠን ከ9 በላይ ስለሚለያዩ በትንሽ ቴሌስኮፕ አትታይም። ርቀቱን ብቻ አይቶ ዝርዝር ማውጣት ብዙዎችን ያሳሳተው ለዚህ ነው፤ ርቀቱና የድምቀቱ ልዩነት አብረው ይታያሉ።

በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለዛሬው ሥራችን ግን የእነርሱ ያህል አንሻም። ቴሌስኮፕ የሌለውም ቢሆን አይቅር። ሚዛርና አልኮር 12 የቅስት ደቂቃ ስለሚራራቁ በዓይን ብቻ ይለያሉ። በበሬው ፊት ያሉት ሁለቱ ቴታ ታውሪ ኮከቦችም እንዲሁ ለጤናማ ዓይን ይለያሉ። በሊራ ያለችው ኤፕሲሎን ደግሞ በመንታ መነጽር ሁለት ትሆናለች፤ በጥሩ ቴሌስኮፕ ስትታይ ከሁለቱ እያንዳንዷ እንደገና ሁለት ስለምትሆን አራት ትሆናለች።

ከየት እንመርጣለን?

የጥንዶች ሁሉ መዝገብ የዋሽንግተን የጥንድ ኮከቦች ካታሎግ ነው፤ የሚይዘው የአሜሪካ የባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ሲሆን ከ150,000 በላይ ጥንዶችን መዝግቧል። እያንዳንዱ መስመር የጥንዱን ቦታ፣ ያገኘውን ሰው ምልክት፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ የተለካበትን ዓመት፣ የልኬቶቹን ብዛት፣ የአቅጣጫ ማዕዘኑን፣ ርቀቱንና የሁለቱን ድምቀት ይይዛል። ስቴሌ ዶፒዬ የተሰኘው የጣሊያኖች ድረ ገጽ ይህንኑ መዝገብ በወንፊት እንድታጣሩ ይረዳችኋል።

ማጣሪያችን እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ዴክሊኔሽን ከ64 ደቡብ እስከ 76 ሰሜን። ቀጥሎ ርቀቱ ከቴሌስኮፓችን ወሰን ቢያንስ እጥፍ የሆነ። ሦስተኛ፣ የድምቀቱ ልዩነት ከ3 የማይበልጥ። አራተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ የመጨረሻው ልኬት የተወሰደበትን ዓመት መመልከት ነው።

ዓመቱ ለምን ያስፈልጋል? ተጣማሪዎች ይንቀሳቀሳሉ። አልፋ ሴንታውሪ በ80 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ከ40 ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፍ በሁለቱ መካከል 20 ያህል የቅስት ሰከንድ እንዳለ ይነግራችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ወደ 4 ጠብቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ነው። የፖሪማ ዙር 169 ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እጅግ ተጠጋግተው ስለነበር በትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ኮከብ ይመስሉ ነበር፤ ዛሬ 3 የቅስት ሰከንድ ያህል ተራርቀው በቀላሉ ይለያሉ። ያረጀ ቁጥር ይዞ ወደ ቴሌስኮፕ መሄድ ባለፈው ዓመት የገበያ ዋጋ ገበያ እንደ መውጣት ነው።

አንድ የጥር ሌሊት

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፣ በጥር አጋማሽ ከጂንካ ለሚደረግ ምልከታ ያወጣሁትን ዕቅድ ላቅርብ። ሰዓቶቹ ኮከቡ ከፍተኛ ቦታውን በግምት የሚይዝባቸው ናቸው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማየት ይቻላል።

ከምሽቱ 2 ሰዓት፦ በኤሪዳኑስ ያለችው አካማር፣ በደቡብ 44 ዲግሪ ላይ፤ 8 የቅስት ሰከንድ የሚራራቁ ሁለት ነጭ ኮከቦች። በዚያው ሰዓት ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞር ብላችሁ አልማክን ታገኛላችሁ፤ አንዷ ወርቃማ፣ ሌላዋ ሰማያዊ ናት። ከምሽቱ 4 ሰዓት፦ የኦሪዮን እግር የሆነችው ሪጌል፤ ጓደኛዋ ደብዛዛ ስለሆነች የመጀመሪያዋ እውነተኛ ፈተና ናት። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በኦሪዮን ኔቡላ ውስጥ ያሉት አራቱ የትራፔዚየም ኮከቦች። ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፦ ቤታ ሞኖሴሮቲስ፣ ሦስት ኮከቦች በአንድ ላይ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፦ ካስተር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት፦ በቬላ ያለችው ጋማ፣ ለሰሜኑ ሰው የማትታይ፣ ለእኛ 37 ዲግሪ የምትወጣ ሰፊ ጥንድ።

እዚህ ላይ ተኝተው የሚነሡ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ፦ አልጌባ። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል፦ አክሩክስ በደቡብ፣ ፖሪማ በአናት፣ ሚዛር በሰሜን። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ይነጋል።

በዝርዝሩ ውስጥ ዐሥራ አንድ ብቻ መኖራቸውን ልብ በሉ። በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጥንድ የሚያሳድድ ሰው አንዱንም በወጉ አያይም። ቴሌስኮፑ የውጭውን ሙቀት እስኪላመድ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋል። ዓይንም ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አየሩ ለቅጽበት ሲረጋ ነው ጥንዱ ተለያይቶ የሚታየው። በበጋ ከቆላው የሚነሣ አቧራና የሣር ቃጠሎ ጭስ ደቡቡን አድማስ ካደበዘዘ አክሩክስን ለሌላ ቀን ተዉአትና በአናታችሁ ያሉትን ተመልከቱ።

ከማየት ወደ መለካት

ማየት ደስታ ነው፤ መለካት ግን አስተዋጽኦ ነው። የሚለኩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ርቀቱና የአቅጣጫ ማዕዘኑ። የአቅጣጫ ማዕዘን ማለት ደብዛዛዋ ኮከብ ከደማቋ አንጻር ያለችበት አቅጣጫ ሲሆን ከሰሜን ጀምሮ በምሥራቅ በኩል ይቆጠራል።

ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የቴሌስኮፑን ሞተር አጥፉ፤ ወይም ሞተር የሌለው ቴሌስኮፕ ተጠቀሙ። ምድር ስለምትዞር ኮከቡ በመስኩ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል። ይህን በካሜራ ከቀረጻችሁ የተንሸራተተበት መስመር የምሥራቅና የምዕራብን አቅጣጫ ይሰጣችኋል። በሰከንድ የሚንሸራተተው 15.04 በዴክሊኔሽኑ ኮሳይን ተባዝቶ የሚገኘውን የቅስት ሰከንድ ያህል ነው፤ ለፖሪማ 15፣ ለአልፋ ሴንታውሪ 7.3 ይሆናል። ከዚህ ተነሥታችሁ በምስሉ ላይ አንድ ነጥብ ስንት የቅስት ሰከንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ትሪጎኖሜትሪ ይበቃል።

ሳተላይቶች እያሉ የእኛ ልኬት ምን ይጨምራል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተወነጨፈው የአውሮፓ ጋያ ሳተላይት የብዙ ኮከቦችን ርቀት በመለካት የትኞቹ ጥንዶች በእውነት ተጣማሪ፣ የትኞቹ በአጋጣሚ የተጠጋጉ እንደሆኑ ለመለየት ረድቷል። ነገር ግን የመቶ ዓመት ምሕዋር በጥቂት ዓመታት ምልከታ አይጨረስም፤ ተከታታይ ልኬት ይሻል። በካታሎጉ ውስጥ ለረጅም ዘመን ያልተለኩ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ጆርናል ኦፍ ደብል ስታር ኦብዘርቬሽንስ የተባለው መጽሔት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአማተሮችንና የተማሪዎችን ልኬት እያተመ ነው። የእናንተም ልኬት ሊታተም የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስትለኩ ግን ለየብቻ ለኩ። አምስት ተማሪ አንድን ጥንድ ቢለካ አምስት የተለያየ ቁጥር ያመጣል። ሁሉንም ጻፉት፤ ለማስማማት አትቸኩሉ። የተርተንና የራግልስ ጽሑፍ ርእስ ተስማምቶ ስላለመስማማት የሚናገር ነው። ሙርሲዎች ወራትን በጨረቃ ሲቆጥሩ አሁን ስንተኛው ወር ላይ እንዳሉ በየጊዜው ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ የሚፈታው ኋላ፣ የወንዙንና የሌሎችን ምልክቶች አይተው ነው። የጨረቃ ወራትና የፀሐይ ዓመት እንዳይለያዩባቸው የጠበቃቸው ይኸው ክፍት ክርክር ነበር። እኛም አማካኙንና የመለያየቱን መጠን አብረን የምንጽፈው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ነው።

ስለ መዝገብ

ወደ መነሻዬ ልመለስ። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ የኦሞ ዓመታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም። ስለ ግድቡ ጥቅምና ጉዳት የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የዛሬ ርእሴ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፦ ዋር አሁንም በነሐሴ መጨረሻ በምሽት ትጠልቃለች፤ በሰዓቷ ዝንፍ አላለችም። ነገር ግን ስታበስረው የነበረው ሙላት በሌለበት፣ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ቆመው እርሷን የሚጠብቁበት ምክንያት ይሳሳል። ያልተጻፈ ዕውቀት ጥቅሙ ሲቋረጥ በአንድ ትውልድ ሊጠፋ ይችላል። የሙርሲዎቹ ሰው ስለጻፈው ዛሬ እጠቅሰዋለሁ። የጎረቤቶቻችን የቦረናዎች የቀን አቆጣጠርም በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመው በፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ «ገዳ» መጽሐፍ ተመዝግቧል። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የአሪ፣ የሐመር፣ የበና፣ የዳሰነች፣ የኛንጋቶምና የሌሎችም ሕዝቦች ልጆች ግን ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን የኮከብ ስም ማን ጽፎታል?

ስለዚህ ሁለት ዓምድ ያለው ደብተር እንድትጀምሩ እጠይቃለሁ። በአንዱ ዓምድ የምልከታችሁን ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የአየሩን ሁኔታ፣ የቴሌስኮፑን ስፋት፣ ያያችሁትንና የለካችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትንም ጻፉ፤ «አልተለየም» የሚል ቃል ራሱ ልኬት ነው። በሌላው ዓምድ፣ ወደ ቤተሰባችሁ በምትመለሱበት ጊዜ፣ ያንኑ ኮከብ ለአያቶቻችሁ በጣታችሁ አሳይታችሁ ማን እንደሚባልና ምን እንደሚያበስር ጠይቁ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ሲናገሩ አታርሙ፤ በራሳቸው ቃል ጻፉት።

ቴሌስኮፑ ዋር ሁለት መሆኗን ነግሮናል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዋር ወንዝም ኮከብም መሆኗን ያውቁ ነበር። ሁለቱም ዕውቀቶች የተገኙት ከዚሁ አድማስ ሥር በትዕግሥት ከቆሙ ሰዎች ነው። በመጪው ጥር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ለመነሣት የፈቀደ ሁሉ ከእኔ ጋር በግቢው ደቡብ በኩል ያግኘኝ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ፤ ይበርዳል።